ለታላቁ ሩጫ 10 ሳምንት፦ ከሥራና ከልጆች ጋር የሚሄድ የልምምድ ዕቅድ

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ተጀምሮ ብዙውን ጊዜ በሕዳር ወር በአንድ እሑድ ጠዋት በአዲስ አበባ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ካናቴራውን ገዝቶ ያለ ምንም ልምምድ መውጣት ይቻላል፤ ብዙ ሰው እየጨፈረና እየተራመደ ይጨርሰዋል፣ ነውርም የለበትም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ግን ርቀቱን እየሮጡ መጨረስ ለሚፈልጉ፣ የሙሉ ቀን ሥራ ላለባቸውና ቤት ውስጥ ልጆች ለሚጠብቋቸው ሰዎች ነው። መነሻው ሳያቋርጡ 20 ደቂቃ ዱብ ዱብ ማለት መቻል ነው። ይህ ገና የሚከብድ ከሆነ ሦስት አራት ሳምንት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይቅደም። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

የዚህ ዓይነት ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በተጻፈበት ቀን ነው። በአዲስ ዓመት ሙቀት «በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ መስቀል ይመጣል፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ይደርሳል፣ አንድ ለቅሶ ይታከልበታል። ጥቅምት ሲገባ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ፣ ሯጩ የለም። ይህን ስንፍና ማለት ይቀላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚሠራው ሁሉ ተጽፏል፤ ጊዜ ሲጠብ የቱ ቀድሞ እንደሚቀር አልተጻፈም። ስለዚህ አንዱ ሲያመልጥ ሁሉም ተያይዞ ይወድቃል። ከዚህ በታች ያለው ዕቅድ አብዛኛው ጉልበቱ የሚውለው፣ የሚቀረውን ከነተራው አስቀድሞ በመወሰን ላይ ነው።

ከጫማው በፊት ካላንደሩ

የሩጫው ቀን በየዓመቱ ትንሽ ስለሚለዋወጥ ይፋ የሆነውን እሑድ ይያዙና ወደ ኋላ 10 ሳምንት ይቁጠሩ። እንቁጣጣሽ አካባቢ ያደርስዎታል። ቀጥለው በቀይ እስክሪብቶ አስቀድመው የሚታወቁትን ከባድ ቀኖች ያክብቡ። ትምህርት የሚከፈትበት ሳምንት አንድ ነው። መስከረም 17 መስቀል ነው፤ አገር ቤት የሚወርድ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ከልምምድ ውጭ እንደሚሆን ይቁጠረው፤ የቤት ሠራተኛም በዚያው ሰሞን ለበዓል ወደ ቤተሰቧ ልትሄድ ትችላለች። ቀጥሎ የኢሬቻ ቅዳሜና እሑድ አለ፤ በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ መንገዶች ይዘጋሉ። መስከረም 30 የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ ያልቃል፤ መሥሪያ ቤትዎ በዚህ የሚመራ ከሆነ የጥቅምት የመጀመሪያ ቀናት የሪፖርት ናቸው። የራስዎን ማኅበር፣ ክርስትና፣ ሰርግና የመስክ ጉዞ ይጨምሩ።

ይህን ያደረግነው ለማዘን አይደለም። ሰውነት በየሦስትና አራት ሳምንቱ ቀለል ያለ ሳምንት ይፈልጋል፤ ጡንቻና ጅማት የሚጠነክሩት በእረፍቱ ነው። ቀለል የሚለውን ሳምንት ኑሮ በሚከብድበት ሳምንት ላይ ካሳረፉት ሁለቱ ይገጥማሉ፣ የሚባክን ሳምንት አይኖርም። የረጅሙ ሩጫ ደቂቃ በየሳምንቱ እንዲህ ይሄዳል፦ 35፣ 40፣ 30፣ 45፣ 35፣ 50፣ 55፣ 65፣ 45፤ አሥረኛው ሳምንት ራሱ ውድድሩ ነው። 30ው የመስቀል፣ 35ቱ የሪፖርቱ ሳምንት ናቸው። መስቀል ሁለተኛው ሳምንት ላይ የዋለ እንደሆነ 40ውንና 30ውን ማቀያየር ነው። ሪፖርት የማይመለከትዎት ከሆነ 35ቱን ለሌላ ለሚያውቁት ከባድ ሳምንት ያቆዩት፤ አይሰርዙት።

ሳምንቱ ውስጥ ያሉት አራት ልምምዶች

ማክሰኞ ፍጥነት፣ ረቡዕ በቤት ውስጥ ጥንካሬ፣ ሐሙስ ቀላል ሩጫ፣ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ። ሰኞና ዓርብ እረፍት፣ እሑድ የቤተ ክርስቲያንና የቤተሰብ ነው።

ከባዶቹ ማክሰኞና ቅዳሜ ላይ የተቀመጡት በምክንያት ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጎሕ ሲቀድ ጠንክሮ ሮጦ ከዚያ ስምንት ሰዓት ያህል ሳይበላና ሳይጠጣ ከዋለ፣ የተጎዳው ጡንቻ የሚጠገንበት ነገር አያገኝም፤ በማግስቱም እግሩ እንደ ድንጋይ ይከብደዋል። የማይጾም ሰውም ቢሆን በሁለቱ ከባድ ቀኖች መካከል ያለው ርቀት ይጠቅመዋል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው ረጅሙን ወደ እሑድ ያዙረው።

የማክሰኞው ልምምድ እንዲህ ነው። 10 ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ከዚያ ፈጠን ያለ ሩጫ ከማገገሚያ ጋር እየተፈራረቀ፣ በመጨረሻ 8 ደቂቃ ቀዝቀዝ ማለት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 1 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ቀስ፣ ስድስት ጊዜ። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው 2 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ቀስ፣ ስድስት ጊዜ። በሰባተኛውና በስምንተኛው 3 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ቀስ፣ አምስት ጊዜ። «ፈጠን» ማለት ሁለት ሦስት ቃል ብቻ መናገር የሚያስችል ፍጥነት ነው፤ የመጨረሻውን ዙር ከመጀመሪያው ቀርፈፍ ብለው ከጨረሱ አጀማመርዎ ከልክ ያለፈ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ የተከፈለ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም። እንጦጦ ላይ ደግሞ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚደርስ ለቀላል ሩጫ ያስደስታል፤ ለጀማሪ የፍጥነት ልምምድ ግን አይሆንም።

ሐሙስና ቅዳሜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወሩ የሚሮጥ ነው። ብቻዎን ከሆኑ ስልክ ላይ የሚያወሩ መስለው ይሞክሩት። ብዙ ጀማሪ ቀላሉን ቀን አክብዶ ስለሚሮጠው ከባዱን ቀን አቅልሎ ለመሮጥ ይገደዳል፤ ውጤቱ ሁሉም ቀን መካከለኛ መሆኑ ነው፤ ድካም አለ፣ ለውጥ የለም።

የረቡዑ 15 ደቂቃ፦ ቁጭ ብድግ 3 ጊዜ 12፤ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ቀስ ብሎ ማውረድ 3 ጊዜ 15፤ በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት 3 ጊዜ 30 ሰከንድ። ልጆች አብረው ይሥሩ፤ መብራት ቢጠፋም ዝናብ ቢጥልም አይቀርም። ጾመኛ ከሆኑ ከምግብ በኋላ፣ አመሻሹ ላይ ያድርጉት።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር። ከመስከረም እስከ ሕዳር በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12፡10 እስከ 12፡20 ባለው ጊዜ ነው። 11 ሰዓት መውጣት የጀግና ይመስላል፤ ጨለማው ውስጥ ግን የውሻ መንጋና ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወጥቶ 1፡10 መመለስ ይበቃል። በኮሪደር ልማት የሰፉት የእግረኛ መንገዶች ለጠዋቱ ሩጫ ይመቻሉ፤ ለረጅሙ ቀን ግን ጃን ሜዳን የመሰለ አፈር ወይም ሣር ቢገኝ ለቅልጥም ይሻላል። መስከረም ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ በብዛት የሚመጣው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ልምምድን ወደ ማታ ማሸጋገር በዚያ ወር አያዋጣም።

ከመውጣትዎ በፊት ግማሽ ሙዝ፣ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ከ40 ደቂቃ በታች ለሆነ ሩጫ ውሃ ብቻም ይበቃል።

ማጠፊያዎቹ፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ቁንጥር

እያንዳንዱ ልምምድ ሦስት መጠን ይኑረው፤ ሦስቱም አሁኑኑ ወረቀቱ ላይ ይጻፉ።

የማክሰኞ ሙሉው ከላይ የተገለጸው ነው። ግማሹ 8 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ 1 ደቂቃ ፈጠን ከ1 ደቂቃ ቀስ ጋር አምስት ጊዜ፣ 4 ደቂቃ መቀዝቀዝ፤ በጠቅላላው 22 ደቂቃ። ቁንጥሩ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ከታች እስከ ላይ አምስት ጊዜ ፈጠን ብሎ መውጣትና በእርጋታ መውረድ ነው፤ 10 ደቂቃ አይሞላም።

የሐሙስ ሙሉው 30 ደቂቃ፣ ግማሹ 15፣ ቁንጥሩ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ ወርዶ ፈጠን ብሎ መራመድ።

የረቡዕ ሙሉው 15 ደቂቃ፣ ግማሹ እያንዳንዱን አንድ አንድ ዙር፣ ቁንጥሩ ቡናው እስኪፈላ ተረከዝ ማንሳት ብቻ።

ረጅሙ ሩጫ ቁንጥር የለውም። ሙሉው የሳምንቱ ደቂቃ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከዚያ ስድስት አሥረኛው፣ ለምሳሌ በ50 ፋንታ 30።

መጠኑን የሚወስኑት ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የነገውን ሁኔታ አይተው «ነገ ግማሽ» ብለው ልብሱን አዘጋጅተው ይተኛሉ። ጠዋት ማንቂያው ሲጮህ የሚደረግ ውሳኔ ውሳኔ አይባልም፣ ከብርድ ልብሱ ጋር የሚደረግ ድርድር ነው፤ ብርድ ልብሱ ደግሞ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ጠዋት ላይ ሐሳብ የሚያስቀይሩት ሕመም፣ ዶፍ ዝናብና ድንገተኛ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ናቸው።

ሳምንቱ ሲጠብ የሚቀሩበት ተራ ይህ ነው። መጀመሪያ የሐሙሱ ቀላል ሩጫ ይቀራል፤ ከዚያ የረቡዑ ጥንካሬ፤ ከዚያ የማክሰኞው ፍጥነት። ረጅሙ በመጨረሻ ነው የሚነካው፤ 10 ኪሎ ሜትር የሚያስጨርሰው ጽናት ነው፣ ጽናት ደግሞ የሚገነባው በእሱ ነው። ረጅሙ ከቅዳሜ ወደ እሑድ ወይም ወደ ሰኞ ጎሕ መንሸራተት ይችላል፤ ሰኞ ካለፈ ያ ሳምንት ያለ ረጅም ሩጫ ይቆጠርና ይታለፋል። ወደ ሰኞ ከተንሸራተተ ማክሰኞ ቁንጥር ይሆናል፤ ሁለት ከባድ ቀን አይከታተልም።

የቀረ ልምምድ አይካካስም። ይህ ከሁሉም በላይ የሚጣሰው ሕግ ነው። ሐሙስ የቀረውን 30 ደቂቃ ቅዳሜ ላይ ደርቦ 80 ደቂቃ የሮጠ ሰው በዕለቱ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ትንፋሽና ልብ ቶሎ ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ዘግይተው ነው የሚከተሉት። ሕመሙ ብቅ የሚለው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ በቅልጥም ፊት ለፊት ወይም በተረከዝ ጅማት ላይ ነው፤ ያኔ ምክንያቱ ያ ቅዳሜ እንደነበር ማንም አያስታውስም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ከመቋረጥ በኋላ መመለሻው ደግሞ እንዲህ ነው። ከ1 እስከ 3 ቀን ካመለጠ ምንም እንዳልሆነ ካላንደሩ ካለበት ይቀጥሉ። ከ4 እስከ 7 ቀን ከሆነ ያለፈውን ሳምንት ረጅም ሩጫ ይድገሙ። ከ8 እስከ 14 ቀን ከሆነ በረጅሙ ሩጫ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ፍጥነት ያሳልፉ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፉ ቀኑን ይዘው ዓላማውን ይቀይሩ፦ 4 ደቂቃ መሮጥ፣ 1 ደቂቃ መራመድ። በዚህ ስልት 10 ኪሎ ሜትር የሚጨርስ ሰው ሁሉንም ልሩጥ ብሎ 7ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከሚቆመው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይደርሳል።

ማጠፊያ አለ ተብሎ ሁሉ ነገር ሲታጠፍም እናያለን። በተከታታይ ሦስት ሳምንት ከአራቱ ልምምድ ሙሉ የሆነው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ዕቅዱ ከኑሮዎ በልጧል። በዚያን ጊዜ ሐሙስን ከወረቀቱ ላይ ሰርዘው በሦስት ልምምድ ይቀጥሉ። በየሳምንቱ እየጎደለ የሚያሳፍር አራት ከመያዝ፣ የሚፈጸም ሦስት ይሻላል።

ቤት

እሑድ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ 20 ደቂቃ ይበቃል። ባልና ሚስት አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያሰምሩ፦ የማይነካና የሚንሸራተት። በማይነካው ዓምድ ለአንድ ሰው ከሁለት ነገር በላይ አይጻፍ። ሯጩ ቅዳሜ ጠዋትን ከያዘ፣ የማይሮጠው ሰው ደግሞ የራሱን እኩል ሰዓት ይያዝ፤ ማኅበር ይሁን፣ ኮርስ ይሁን፣ እንቅልፍ ይሁን፣ የእሱ ምርጫ ነው። ይህ ካልተደረገ በአምስተኛው ሳምንት ጠቡ ስለ ሩጫ መስሎ ይነሳል፤ ሥሩ ግን የሰዓት ክፍፍሉ ነው።

ልጆችን የማድረስ ተራም በቀን ይከፈል። ማክሰኞና ሐሙስ አንዱ፣ ሰኞና ረቡዕ ሌላው፣ ዓርብ እንደ ሁኔታው። ያው ክፍፍል ትምህርት ቤት «ልጁ አሞታል» ብሎ ሲደውል ማን እንደሚሄድም ይወስናል። ስልኩ ከተደወለ በኋላ «አንተ ሂድ፣ አንቺ ሂጂ» መባባል ልጁንም ሥራውንም ይጎዳል። ከዚህ ውጭ ሦስት ሰው በስም ይታወቅ፦ አንድ ጎረቤት፣ አንድ ዘመድ፣ ልጁ ከልጅዎ ጋር የሚማር አንድ ወላጅ። ፈቃዳቸውን ዛሬ ይጠይቁ፤ የትምህርት ቤቱ ጥበቃም ልጅ ለመውሰድ የተፈቀደላቸውን ሰዎች ይወቃቸው።

ማእድ ቤቱ የራሱ ትርፍ ያስፈልገዋል። የእንጀራ ሊጥ ቦክቶ ለምጣድ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፤ በመጋገሪያው ቀን መብራት ከጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ቤቱም ያለ እንጀራ ያድራል። መሶቡ ውስጥ ገና የአንድ ቀን እንጀራ እያለ የሚጋገርበትን ልማድ ይያዙ፤ ያቺ የአንድ ቀን ትርፍ መብራት ሲጠፋ ትሸከማለች። ካልሆነም ከየትኛው ሱቅ እንደሚገዛ አስቀድሞ ይታወቅ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቅዳሜ ከረጅም ሩጫ በኋላ የሚታጠቡበት ጀሪካን ዓርብ ማታ ይሞላ። የልጆች ዩኒፎርም፣ የደብተር ቦርሳና የምሳ ዕቃ ማታ ይደርደር፤ 15 ደቂቃ የሚወስደው ይህ ሥራ ጠዋት ላይ ሲሆን 30 ይሆናል።

ለቅሶ ሲመጣ ዕቅድ አይጠየቅም። እድርተኛ ነዎት፣ ይሄዳሉ፣ ድንኳን ያድራሉ። ያ ሳምንት በቀጥታ ወደ ቁንጥር ይወርዳል፤ ረጅሙ ከተቻለ በግማሽ፣ ካልተቻለ ይቀራል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ፍጥነት መሮጥ የለበትም፤ ከ5 ሰዓት በታች ከተኙ ልምምዱን ከግማሽ አያሳልፉ።

መሥሪያ ቤት

ስምንት የሥራ ሰዓት ካለዎት አምስት ተኩሉን ብቻ ያቅዱ። የቀረው ሁለት ሰዓት ተኩል ለድንገተኛ ስብሰባ፣ ለባለጉዳይና «ሲስተም የለም» ለሚባልበት ጊዜ ነው። ስምንቱን ሰዓት ሞልቶ የሚያቅድ ሰው በየቀኑ የሁለት ሰዓት ዕዳ ወደ ቤት ይዞ ይሄዳል፤ ያ ዕዳ መጀመሪያ የሚበላው እንቅልፍን፣ ቀጥሎ የማክሰኞውን ሩጫ ነው። ጭንቅላት የሚፈልገው ሥራ ከ2፡30 እስከ 4፡30 ባለው ጊዜ ይሠራ፤ ስብሰባ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።

የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሩት። ሐሙስ የሚገባ ሪፖርት ረቡዕ ከሰዓት ይላካል፤ ኔትወርክ የሚጠፋው ሁሉም ሰው በሚልክበት በመጨረሻው ሰዓት ነውና። ረቂቁ ሰኞ ያልቃል። ከሌሎች ክፍሎች የሚመጣው ቁጥር ባለፈው ሐሙስ እጅ ላይ ይገባል፤ ሲጠይቁም «ሐሙስ ካልደረሰ ያለ እናንተ ክፍል ሰኞ ረቂቁ ይወጣል» ተብሎ እውነተኛው ምክንያት ይነገር። የውሸት ቀነ ገደብ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ፋይሉ ኮምፒውተር፣ ፍላሽና ኢሜይል ላይ ይቀመጥ፤ እርስዎ ባይኖሩ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ባልደረባም ይኑር። ልጅ የታመመ ቀን ይህ ባልደረባ ከማንኛውም የጊዜ አጠቃቀም ዘዴ በላይ ይጠቅማል።

ሕመም

አፍንጫ ብቻ የሚያስፈስስ ጉንፋን ከሆነ ግማሽ መጠን በቀላል ፍጥነት ይቻላል። ትኩሳት፣ ከደረት የሚወጣ ሳል፣ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ካለ አይሮጥም፤ ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከለቀቀ በኋላ ሁለት ቀን ይጠበቃል። ለታይፎይድ ወይም ለወባ የታከመ ሰው መመለሻውን ከሐኪሙ ይወቅ።

የጡንቻ ድካም በሁለቱም እግር ይሰማል፣ በሁለት ሦስት ቀንም ይለቃል። በጣት ተነክቶ «እዚህ ጋ» የሚባል፣ በአንድ እግር ብቻ ያለና እየሮጡ በሄዱ ቁጥር የሚብስ ሕመም ግን ጉዳት ነው፤ ለ5 ቀን ሩጫ ይቁም፣ መራመድና የማያሳምመው የጥንካሬ ክፍል ይቀጥል።

አበበ ቢቂላ በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ከማራቶኑ ጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጎ በ2፡12፡11 ማሸነፉ ሁልጊዜ ይነሳል። ይነሳ፣ ግን በልኩ። ከዚያ አልጋ በፊት የዓመታት ልምምድ ነበረው፤ ያቺ ማቋረጥ ያረፈችው በዚያ ላይ ነው። አራት ሳምንት ለሮጠ ሰው አልጋ ላይ የዋለበት ሁለት ሳምንት ሌላ ሒሳብ አለው፤ ከላይ ያለውን መመለሻ ይከተል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታትና ዕለቱ

በዘጠነኛው ሳምንት ረጅሙ ወደ 45 ይወርዳል፤ ማክሰኞም 2 ደቂቃ ፈጠን አራት ጊዜ ብቻ ነው። በአሥረኛው ሳምንት ማክሰኞ 1 ደቂቃ ፈጠን አራት ጊዜ፣ ሐሙስ 20 ደቂቃ ቀላል፣ ከዚያ ምንም። የቀረውን ልምምድ በዚህ ሳምንት ላሟላ የሚል ስሜት ይመጣል፤ አሁን የሚሮጡት ለእሑዱ አይደርስም፣ ድካሙ ብቻ ይደርሳል። ጫማ መቀየር ካለብዎት ከሁለት ሳምንት በፊት ቀይረው ቢያንስ አንድ ረጅም ሩጫ ይሩጡበት።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሩጫው የሚመጣ ወገን ካለ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ይራመድ፣ ውሃ ያብዛ፣ በዕለቱም ቤቱ የለመደውን ሰዓት ረስቶ በትንፋሹ ይሩጥ። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተለመደ ፍጥነት እዚህ በ2ኛው ኪሎ ሜትር ያስቆማል።

ለዕለቱ ሦስት ግብ ይያዙ። አንደኛው ሁሉም ከተሳካ የሚፈልጉት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ሳይራመዱ መጨረስ፣ ሦስተኛው 4 በ1 እየተራመዱም ቢሆን መጨረስ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገሩበት ቦታም ይታወቅ፦ 4ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ ወደ ሁለተኛው፣ 6ኛው ላይም ካልተስተካከለ ወደ ሦስተኛው። ሕዝቡ በብዙ ሺህ ስለሚቆጠር የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የሚሄደው በሰው መሐል ነው፤ በግራ በቀኝ እየተሽሎከለኩ ለማለፍ መሞከር ጉልበት ይጨርሳል፣ ሰውም ያስወድቃል። ዳገት ላይ እርምጃዎን አሳጥረው ትንፋሽዎን ይጠብቁ፤ ያጡትን ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ ለመመለስ አይንደርደሩ፣ ጉልበት የሚጎዳው እዚያ ነው። ጎን ላይ ውጋት ከያዘዎት ቀዝቀዝ ብለው ረዘም አድርገው ወደ ውጭ ይተንፍሱ።

መንገዶች ከማለዳ ጀምሮ ስለሚዘጉ በመኪና እስከ መነሻው እደርሳለሁ ብለው አይቁጠሩ፤ የመጨረሻውን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግር ይግቡ፣ እንደ ማሟሟቂያም ይቆጠራል። ከቤተሰብ ጋር የምትገናኙበትን ቦታ በስም ይወስኑ፤ «መስቀል አደባባይ እንገናኝ» ማለት በዚያ ቀን የትም እንገናኝ ማለት ነው፣ ስልኩም ሊጨናነቅ ይችላል። አንድ ሕንፃ፣ አንድ በር፣ አንድ ሰዓት ይመረጥ። የሚጠብቅዎት ሰው ደረቅ ሹራብ፣ ውሃና ዳቦ ይያዝ፤ ላብ የነከረው ካናቴራ በሕዳር ብርድ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ማግስቱ ሰኞ ላይ ስብሰባም የመስክ ሥራም አይያዙ። ጭኑ በጣም የሚያመው ደረጃ ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው፤ ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ከሆነ ምሳዎን ይዘው ይውጡ።